ድንጋዩን እንዳያይ የተነገረው ካሜራ

ሰኞ፣ ጥቅምት 10

ስፖኪዮው የለም። የግራውም የቀኙም። የአማቼ መኪና ጆሮዋን እንደተቆረጠች በግ ቆማ አደረች። የሺ፣ ምን ያስቅሻል? ያልሁትን ጻፊ።

እኔ ደሴ ማንበብም መጻፍም አልችልም። ሚስቴ በሕይወት ሳለች ነገር የምታስታውስልኝ እሷ ነበረች። የቱ ቀን ምን እንደሆነ፣ ማን ምን እንዳለኝ፣ ከማን ጋር እንደተኳረፍሁ። እሷ ካረፈች ወዲህ እኔ እናገራለሁ፣ ልጄ የሺ ትጽፋለች። አታሳምሪው ብያታለሁ።

ቤቱ ዘንዘልማ ነው፤ የየሺና የባሏ የመላኩ። እኔ ከእነሱ ጋር ነኝ። ከዋናው መንገድ እስከ ግቢያችን በር በሁለት አጥር መካከል የሚመጣ ጠባብ መግቢያ አለን። በሩ ጠባብ ስለሆነ መኪናዋ ግቢ አትገባም፤ እዚያው መግቢያው ላይ ታድራለች። መንገዱ ዳር ካለው ምሰሶ ላይ አንድ አምፖል ተንጠልጥሏል። መብራት ኖሮ ሲበራ እንኳ ራሱን ነው የሚያበራው።

መላኩ የሐዋሳ ልጅ ነው፤ እዚህ ኮሌጅ ያስተምራል። ክፉ ሰው አይደለም። ጠዋት መኪናዋን ዞሮ ዞሮ አያትና «ካሜራ እናስገባለን፣ አለቀ» አለ።

እኔ እያለሁ? እኔ ከዘጌ ባሕር ዳር በታንኳ እንጨት ያመላለስሁ ሰው ነኝ። በድቅድቅ ጨለማ ጉማሬ ሲተነፍስ ሰምቼ ታንኳዬን ያዞርሁ ሰው ነኝ። ይህን ቤት የሚጠብቀው ጆሮዬ ነው።

«ቡቺ ሲጮህ ሰምቻለሁ» አልሁት። ቡቺ ውሻችን ነው።

«ታዲያ ለምን አልወጡም አባባ?»

ጅብ መስሎኝ ነበር። ይህንንም ጻፊው።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 11

ዛሬ ከመላኩ ጋር ተጋጨን። ነገሩ ድንጋዩ ነው።

መግቢያው ከመንገዱ ሲጀምር በስተግራ አንድ ጠፍጣፋ ድንጋይ አለ። በየወሩ በአሥራ ስድስት፣ ኪዳነ ምሕረት በዋለች ማታ፣ ዳቦና ቆሎ በፌስታል አድርገን እዚያ ላይ እናኖራለን። ስእለቱ የሚስቴ ነው። የሺ ልጅ ሆና ስትታመም፣ ብትድንልኝ ብላ የተሳለችው ነው። ድሮ በሌላ ቤት ነበር፤ እዚህ ከመጣን ወዲህ ድንጋዩን ራሷ መርጣ አስቀመጠችው። ሕጉም የእሷ ነው። አኑሮ መመለስ፣ በር መዝጋት፣ እስኪነጋ ወደዚያ አለማየት። «ቀን በር ማንኳኳት የሚያፍር ሰው አለ፤ ፊቱን ካየንበት ምኑን ሰጠነው?» ትል ነበር። ጠዋት ድንጋዩ ባዶ ነው። ማን እንደሚወስደው አንድ ቀን አይቼ አላውቅም። ጆሮዬንም እይዘዋለሁ።

መላኩ ዛሬ ምን አለ? «አባባ፣ ቤቱን ያጠናው ዳቦውን የሚወስደው ሰው ነው። መጀመሪያ መንገዱን ለመደ፣ ከዚያ መኪናዋን አየ።» ካሜራው ድንጋዩን ፊት ለፊት እንዲያይ ይፈልጋል። ሌባው እሱ ሆኖ ከተገኘ ዳቦው ይቅር ነው የሚለው።

ከወንበሬ ተነሣሁ። «የሟች ስእለት በስፖኪዮ አትለውጥም!» አልሁት።

ጎረቤታችን አያ ምትኩ የመኪናዋን ጉዳት ሊያይ መጥቶ ነበር። እሱ ደግሞ መሐል ገባ። «አያ ደሴ፣ ለምን ትጣላላችሁ? ዳቦውን የሚበላው ውሻ ነው እኮ። የሰፈሩን ውሻ ሁሉ የምታወፍረው አንተ ነህ» አለና በገዛ ቀልዱ እስኪያስለው ሳቀ። መላኩም ሳቀ። «እንግዲህ ካሜራው ውሾቹን ያሳየናል» አለ።

እኔ አልሳቅሁም። ሌባ ይሆናል ብዬ አልፈራሁም። ውሻ ይሆናል ብዬ ነው የፈራሁት። እሷ ወገቧን እያመማት ተነሥታ ያቦካችው ሁሉ፣ ያ ሁሉ ዳቦ፣ ውሻ በልቶት ከሆነስ? ይህን ለመላኩ አልነገርሁትም። ለየሺም ገና አሁን መንገሬ ነው። ብዕሩን አቁማ ታየኛለች።

ጻፊ እንጂ።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 12

ካሜራ መግባቱ ካልቀረ የምመርጠው እኔ ነኝ አልሁ። ከየሺ ጋር ባጃጅ ይዘን ከተማ ወረድን።

ባለ ሱቋ ሕይወት ትባላለች፤ ፈርጠም ያለች፣ ቃል የማታባክን ሴት። «ቦታው እንዴት ነው?» አለች። የሺ አስረዳቻት፤ ጨለማ ነው፣ ጠባብ ነው፣ መኪናዋ እዚያ ናት፣ መብራት ይሄዳል ይመጣል። ሕይወት ሦስት ዓይነት አወረደች።

የመጀመሪያው ትልቅ መብራት ያለው ነው። ሰው ሲጠጋ መብራቱ ቦግ ይላል፣ ምስሉን በቀለም ያነሣል፣ ከፈለጉም እንደ አምቡላንስ ይጮኻል። የሺ ወደደችው። «ሌባው እዚያው ይደነግጣል» አለች።

«ሌባ ያልሆነውስ?» አልኋት።

ደግሞም ለሕይወት ነገርኋት። እኔ በጨለማ ስቀዝፍ ፋኖስ አልይዝም ነበር። ፋኖስ የያዘ ሰው የሚያየው ፋኖሱን ነው፤ ሐይቁ ይጠፋበታል። በዚያ ላይ በጥቅምት እዚህ አገር መብራት አብርተሽ ተመልከቺ፤ የጣና ትንኝ በሙሉ ነው የሚሰፍርበት። ካሜራሽ ሲያድር ትንኝ ነው የሚቆጥረው። «እሱስ እውነትዎን ነው» አለች።

ሁለተኛው አምፖል መስሎ አምፖል ማቀፊያ ላይ ይገባል። ራሱን እንደ ጉጉት ያዞራል። ደስ ይላል። «መብራት ሲጠፋስ?» አልሁ። «እሱም አብሮ ይጠፋል» አለች። ሌባው ያንን ቀን ይመርጣላ! መልሺው አልኋት።

ሦስተኛው ትንሽ ነው። ከፀሐይ የሚሞላ ባትሪ አለው፣ እንደ ስልክ ሲም ካርድ ይጎርሳል፣ ገመድ አይፈልግም። «ይሄ በጨለማ ነው የሚያየው አባቴ» አለች። «መብራት ሳያበራ?» «ሳያበራ።» አላመንሁም። ፊቴ ላይ ያየችው መሰለኝ፣ ባዶ ካርቶን አመጣች። ካሜራውን ውስጡ አስቀመጠች። «እጅዎን ያስገቡ» አለችኝ። አስገባሁ። በላዩ ላይ ወፍራም ጨርቅ ደረበችበትና ስልኳን ዓይኔ ሥር አደረገችው።

እጄ ነው።

ቀለም የለውም፤ ነጭና ጥቁር ነው። ግን እጄ ነው። ገመድ የበላው ጠባሳዬ አለ። ተሰንጥቆ የቀረው ጥፍሬ አለ። አውራ ጣቴን አጠፍሁ፤ እዚያም ታጠፈ። በጨርቁ ሥር አጎንብሼ ወደ ካርቶኑ አየሁ፤ ጨለማ ነው፣ ምንም የለም። ስልኩን አየሁ፤ እጄ። ሁለት ሦስት ጊዜ እንዲህ አደረግሁ። ሰው ቆሞ ያየኝ ነበር፤ አላፈርሁም።

«እንዴት ይሆናል ይሄ?»

«ብርሃን ያወጣል አባቴ። የሰው ዓይን የማያየው ብርሃን ነው።»

የማይታይ ብርሃን። ስንት ዘመን ቅዳሴ ቆሜ ይህን የመሰለ ነገር ሰምቻለሁ። ካርቶን ውስጥ የራሴን እጅ ይዞ አገኘዋለሁ አላልሁም።

እሱን ያዝን።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 13

እንቅልፍ አልወሰደኝም። ካሜራው ገና ከዕቃው አልወጣም፤ መደርደሪያው ላይ ተቀምጧል። ግን ያየኝ ያየኝ ይመስለኛል።

ጠዋት ብቻዬን ወጥቼ መግቢያውን ለካሁት። በሩ አናት ላይ ቢሰቀል ድንጋዩን ያያል። ቤቱ ጥግ ላይ ቢሰቀል ያያል። አጥሩ ላይ ቢሰቀል ጭራሽ ከአናቱ ነው። መኪናዋን የሚያይ ሁሉ ድንጋዩን ያያል። እኔ ራሴ የመረጥሁት፣ ጨለማ የማይመክተው ዓይን ነው። ያንን ባለ መብራቱን ብወስድ ኖሮ ሰውየው ደንግጦ ይሸሽ ነበር፤ ይሄኛው ግን ሳያስደነግጥ ፊቱን ይወስድበታል። የቱ ይብሳል?

የሺ «ድንጋዩን ከአጥሩ ወዲያ እናዙረው» አለች። አይሆንም። የሚመጣው ሰው፣ ሰው ከሆነ፣ በጨለማ በእግሩ የለመደው ቦታ ነው። እናቷም በእጇ ያስቀመጠችው ነው።

መላኩ ስልኩን አዘጋጅቶ ጨርሷል። «እሑድ ማታ ሁሉን እናያለን» ይላል። እሑድ አሥራ ስድስት ነው።

ዓርብ፣ ጥቅምት 14

ወደ ሕይወት ሱቅ ተመለስሁ። የሺ ሥራ ላይ ስለነበረች ብቻዬን ሄድሁ። እንዳየችኝ «ምነው አባቴ፣ ተበላሸ እንዴ?» አለች።

«አልተበላሸም። አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ይሄ ካሜራ አትይ ቢሉት ይሰማል?»

ሳቀች። አልሳቅሁም። ከዚያ የድንጋዩን ነገር ነገርኋት። ሳቋን ተወችው። ስልኳን አውጥታ የገዛ ሱቋን ምስል ከፈተችና በጣቷ አንድ አራት ማዕዘን አሰመረችበት። ያሰመረችው ቦታ ጠቆረ። የገንዘብ መሳቢያዋ ነበር፤ ከምስሉ ጠፋ። ሌላው ሁሉ እንዳለ አለ። «እዚህ ውስጥ አያይም፣ አይቀዳም፣ ሰው ቢመጣም አይናገርም» አለች። «ቆይተው ልይ ቢሉም የለም፤ አልተነሣማ።»

ጨለማን የሚገልጥ ዓይን፤ ደግሞ ጨፍን ሲሉት የሚጨፍን። ከሁለቱ የትኛው እንደሚገርም አላወቅሁም። ሰው እንኳ ይህን አይችልም። ሰው ጨፍን ሲሉት ነው በጣቱ መሐል የሚያየው።

ማታ ለመላኩ ነገርሁት። ተቆጣ። «ታዲያ ካሜራው ለምን ገባ አባባ? ሌባውን ደብቀንለት?»

«ስማኝ» አልሁት። «ሰውየው ከድንጋዩ ዳቦውን ይዞ ወደ ቤቱ ከተመለሰ አንተ ምን አገባህ? ከድንጋዩ ወደ መኪናህ ከተራመደ ግን ከጥቁሩ ይወጣል፤ ካሜራውም ያየዋል። ከዚህ በላይ ምን ትፈልጋለህ?»

አሰበ። ማሰብ ይወዳል። «ከጥቁሩ ወጥቶ መኪናዋን ከነካስ?»

«ከነካ ዳቦው ይቀራል።»

«ቃል?»

እጄን ዘርግቼ መታሁለት። ከዚያ መኝታዬ ላይ ተቀምጬ ምን አደረግሁ አልሁ። የእሷን ስእለት እኮ ነው ያስያዝሁት።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 15

ሕይወት ራሷ መጥታ ሰቀለችው፤ በሩ አናት ላይ። መሰላሉን እኔ ያዝሁ። «አባቴ ይልቀቁት፣ ይደክምዎታል» አለች። አንቺን ጥዬ ልደክም? አልኋት።

ስልኩን ስታስተካክል «ድምፅም ይስማ?» አለች። «አይስማ» አልሁ። ከዚያ ጥቁሩን ልታሰምር ጣቷን ስታነሣ «እኔ ላድርገው» አልሁ። በሕይወቴ ሙሉ ይህ ጣቴ ቀለም ተቀብቶ ለአሻራ ብቻ ነበር የሚፈለገው። የስልኩ መስታወት ላይ አሳረፍሁት። ከድንጋዩ ጀምሬ እስከ መንገዱ ድረስ ጎተትሁት። በሄደበት ሁሉ ጠቆረ። መስመሩ አልተጣመመም። የሺ ምስክር ናት።

ሕይወት ሌላም ነገረችን። ይሄ ካሜራ ሰውና እንስሳ ይለያል። ሰው ሲሆን ስልኩ ጮኾ «ሰው» ይላል፤ ድመት ወይም ውሻ ሲሆን ሌላ ይላል። ፊደል የቆጠረ ካሜራ ነው በይኛ!

አመሻሽ ላይ መግቢያውን ዞር ዞር ብዬ ገባሁ። የሺ ካሜራው የቀዳውን በስልኩ አሳየችኝ። መግቢያችን ነው፤ ግን ሌላ አገር ይመስላል። ቅጠሉ ሁሉ ነጭ፣ ሰማዩ ጥቁር፣ የእሳት እራት ስታልፍ እንደ ኮከብ። በዚያ መሐል አንድ የጎበጠ ሽማግሌ ዱላውን ተደግፎ ይመጣል።

«ማነው ይሄ? ከየት ገባ?» ብዬ ጮህሁ።

«እርስዎ ነዎት እኮ አባቴ» አለች የሺ።

እኔ አልጎበጥሁም። ሰው በደጄ ሲያልፍ ቀጥ ብዬ ተቀምጬ ሰላምታ የምቀበል ሰው ነኝ። ካሜራው ከላይ ስለሆነ ነው እንዲህ የሚያሳየው። የሺ አሁንም አትጻፊው ብላት እየጻፈች ነው።

እሑድ፣ ጥቅምት 16

ቆሜ ወዲያ ወዲህ እያልሁ ነው የምናገረው። የምትጽፈው የሺ መሆኗ በጀኝ።

ዛሬ ኪዳነ ምሕረት ናት። ከቤተ ክርስቲያን መልስ የሺ ዳቦውን ጋገረች። ሲመሽ ፌስታሉን ራሴ ይዤ ወጣሁ፣ ድንጋዩ ላይ አኖርሁ፣ ሳልዞር ተመለስሁ፣ በሩን ዘጋሁ። ቡቺ በሩ ሥር ተኛ። እራት ቀረበ። መላኩ ስልኩን ከወጡ አጠገብ አስቀምጦታል።

ገና ግማሽ ሳንበላ ስልኩ ጮኸ። የሺ አነሣችው።

«ሰው ይላል» አለች።

ሰው። ውሻ አይደለም! ስሚ አንቺ፣ የትም ሁኚ ስሚ፣ ውሻ አይደለም፤ ሰው ነው። ደስታዬን ግን ሳልጨርስ ገባኝ። በጥቁሩ ውስጥ ካሜራው አይናገርም። ተናገረ ማለት ሰውየው ከጥቁሩ ወጥቷል።

መላኩ ተነሥቶ ዱላ ያዘ። «ወጣ አባባ። ወደ መኪናዋ ነው።»

«ተቀመጥ። ገና አልነካም።»

ሦስታችን አንዲት ስልክ ላይ ተደፋን። አንድ ሰው ነው። ነጠላ እስከ ግንባሩ ተከናንቧል፤ ወንድ ይሁን ሴት አይለይም። ፌስታሉን ደረቱ ላይ አቅፎታል። ቀስ ብሎ ይራመዳል። ወደ መኪናዋ ቀረበ። መኪናዋ ዘንድ ደረሰ። መላኩ ትንፋሹን ሲውጥ ሰማሁት። እኔ ሚስቴን ይቅር በይኝ አልኋት።

ሰውየው ወደ አጥሩ ተጠጋ። እንዳይነካት ነው። ነጠላውን ወደ ራሱ ሰብስቦ በጎን ሾልኮ አለፋት። እናም ወደ እኛ መጣ። በራችን ላይ ቆመ። በእኛና በእሱ መካከል አንድ ቆርቆሮ ብቻ። ቡቺ አልጮኸም። ጅራቱ መሬቱን ሲመታ ከውጭ ተሰማን። ጠብ፣ ጠብ፣ ጠብ።

ሰውየው ፌስታሉን መሬት አኖረ። ሁለት እጁን ወደ ቤታችን ዘረጋ። ቆመ። ምን እንዳለ አልሰማንም፤ አይስማ ያልሁት እኔ ነኝ። ብዙ ቆመ። ከዚያ ጎንበስ አለና በሩን ተሳለመው። የግራውን መቃን፣ ከዚያ የቀኙን፣ ልክ እንደ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ። የእኔን የዛገ የቆርቆሮ በር! ፌስታሉን አነሣ፣ በመጣበት ተመለሰ፣ ጥቁሩ ውስጥ ገባ፣ ጠፋ።

ጉማሬ ሲተነፍስ እሰማለሁ የምል ሰው ነኝ። በየወሩ ከደጄ ቆሞ ሲመርቀኝ አንድ ቀን አልሰማሁም።

የሺ ምስሉን መልሳ ከፈተችና ፊቱን ልታቀርበው ሁለት ጣቷን ዘረጋች። መዳፌን ስልኩ ላይ ጫንሁት። እሷም እጇን ሰበሰበች።

መላኩ ዱላውን እንደያዘ ቆሞ ቀርቷል። «ቡቺ እኮ አልጮኸም» አለ። «የዚያን ቀን ጮኾ ነበር።» ዱላውን በሩ ጀርባ አስቀመጠው። እራቱ እንዳለ ተነሣ።

ሰኞ፣ ጥቅምት 17

ስፖኪዮውን የወሰደው አልታወቀም። ላይታወቅም ይችላል። ካሜራው ይጠብቅ፤ ሥራው ነው።

መላኩ ጠዋት ሲወጣ በሩን እንደ ወትሮው መቃኑን ይዞ አልከፈተውም። በመሐሉ ገፋ አድርጎ፣ ሁለቱን መቃን ሳይነካ፣ በጎን ሾልኮ ወጣ። አይቼ እንዳላየሁ ሆንሁ።

ብዙም ሳይቆይ አያ ምትኩ እየሳቀ መጣ። «እሺ አያ ደሴ፣ ውሾችህን አየሃቸው?»

«አየሁ» አልሁት።

«ስንት ናቸው?»

«አልቆጠርሁም።»

እንዳሻው ይሳቅ። የሺ ከመስኮቱ ሰምታ ልትናገር ነበር፤ በዓይኔ ከለከልኋት።

ከዚያ ወንበሬን ይዤ መንገዱ ዳር፣ ድንጋዩ አጠገብ ተቀመጥሁ። ሁልጊዜ እዚያ ስቀመጥ አላፊው ነው ቀድሞ እጅ የሚነሣኝ። ዛሬ ግን መቀመጥ አቃተኝ። እንጨት የተሸከመች ሴት አለፈች፤ ተነሥቼ ጎንበስ አልሁላት። ጡረታ የወጣው የፋብሪካ ሰው፣ ከረባት አስሮ የሚሄደው፣ አለፈ፤ ጎንበስ አልሁለት። ደንግጦ «ደኅና ነዎት?» አለኝ። ዣንጥላ የያዙ ቄስ፣ ሽንኩርት የምትቸረችር፣ ባጃጅ የሚጠብቁ፣ አንድም አላስቀረሁም። የትኛው እንደሆነ አላውቅማ።

ተመልሼ ስገባ መኪናዋን አልፌ በሩ ዘንድ ስደርስ ነው ወገቤ ገና እንዳልተቃና የታወቀኝ። ቀና ብዬ ካሜራውን አየሁት። እሱም ያየኛል።

ይየኝ።